ባለቤቱ ያፈረሰውን ዓለም ቪዲዮ ጌም አቆየው፦ የዋርሃመር ፋንታሲ ጉዳይ

በ2015 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከ30 ዓመት በላይ ሲገነባው የኖረውን የዋርሃመር ፋንታሲ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ ምናባዊ ዓለም በገዛ መጽሐፉ አፈረሰው። ማፍረስ ስል ለማጋነን አይደለም። «ዘ ኤንድ ታይምስ» በሚል ርዕስ ከወጡት ተከታታይ መጻሕፍት የመጨረሻው ሲያልቅ ከተሞቹም፣ ነገሥታቱም፣ ተራሮቹና ባሕሮቹም አልነበሩም። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት ኤፕሪል፣ ክሪኤቲቭ አሴምብሊ የተባለ የጌም ስቱዲዮ «ቶታል ዋር፦ ዋርሃመር» የተባለውን የጦርነት ስልት ቪዲዮ ጌም እያዘጋጀ መሆኑን ለዓለም አስታወቀ። ጨዋታው የሚካሄደው በዚያው ገና በጠፋው ምድር ላይ ነበር።

ከጠረጴዛ ጨዋታ የተወለደ ምናባዊ ዓለም ወደ ፊልም ወይም ወደ ቪዲዮ ጌም ሲሻገር የምንሰማው እሮሮ የታወቀ ነው፤ ዓለሙን የማያውቁ ሰዎች መጥተው አበላሹት ይባላል። በዋርሃመር ፋንታሲ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። መቼቱን ያፈረሰው የፈጠረው ኩባንያ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ምሽግና እያንዳንዱን የቆየ ቂም ሳይቀር ጠብቆ ያቆየው ፈቃድ ገዝቶ የገባው እንግዳ ነው። ባለቤቱ ከዓመታት በኋላ ወደ ጣለው ንብረት ሲመለስም እንግዳው ባቀናው መንገድ ተጉዞ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚገለጸው በአላማጁ (ዓለሙን ወደ ጌም በሚያሻግረው ወገን) ፍቅር ወይም ዕውቀት ብቻ አይመስለኝም። ዓለሙ ባለበት እንዲቆም የሚፈልገው ማን ነው፣ እንዲንቀሳቀስስ የሚፈልገው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያስረዳል። የሚከተለውን ታሪክ የማነበው በዚህ ጥያቄ ነው።

ካርታውና ሰዓቱ

ጌምስ ወርክሾፕ በ1975 የተመሠረተ፣ መቀመጫው ኖቲንግሃም የሆነ፣ ዋና መተዳደሪያው ትናንሽ የተዋጊ ምስሎችን ቀርጾ መሸጥ የሆነ ኩባንያ ነው። በ1983 የወጣው የመጀመሪያው የዋርሃመር እትም እነዚህን ምስሎች ጠረጴዛ ላይ ለማዋጋት የተጻፈ ደንብ ነበር። ዓለሙ የመጣው ኋላ፣ ቀስ በቀስ፣ ለየሠራዊቱ በሚታተሙት መጻሕፍት ውስጥ ነው። የሠራዊት መጽሐፍ ከፊሉ ደንብ ከፊሉ ታሪክ ነው፤ የድዋርፎቹን (በተራራ ምሽግ የሚኖሩት አጫጭር ሕዝቦች) መጽሐፍ የገዛ ሰው የጦር መሣሪያቸውን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የትኛው ምሽግ በማን እንደተወሰደባቸው፣ ማንን ይቅር እንደማይሉ ጭምር ያነባል።

መልክዓ ምድሩ ከእውነተኛዋ ምድር የተቀዳ ነው። ካርታውን ያየ ሰው አውሮፓን፣ አፍሪካንና ሁለቱን አሜሪካዎች ወዲያው ይለያቸዋል። ኢምፓየር የሚባለው አገር የጀርመን መሳፍንት የተከፋፈሉትን ቅዱስ የሮማ ግዛት፣ ብሬቶኒያ የፈረንሳይን ፈረሰኛ ባላባት ከንጉሥ አርተር ተረት ጋር አዋሕዶ፣ ኪስሌቭ የሩሲያን በረዶና ፈረሰኛ፣ የመቃብር ነገሥታት ምድር የጥንቷን ግብፅ ያስታውሳሉ። በምሥራቅ ጥግ ደግሞ ቻይናን የሚመስል ካታይ የሚባል ግዛት ነበረ። ስሙ በየመጽሐፉ ይነሣል፤ ሠራዊቱ፣ ገዢዎቹ፣ የውስጥ ጉዳዩ ግን ለአሥርት ዓመታት በቅጡ ሳይጻፍ ቆየ። ባዶ መተዉ ኋላ ላይ ማንም ያልጠበቀው ጥቅም አመጣ።

ሌላው የዓለሙ ጠባይ ሰዓቱ አለመንቀሳቀሱ ነው። የኬዮስ (የዓለሙ የክፋት ኃይል) ሠራዊት ከሰሜን ሊወርድ ነው፣ ኢምፓየሩ ሊወድቅ ነው፣ የአይጥ ሰዎቹ ስኬቨኖች ከየከተማው ሥር ሊፈነዱ ነው፤ ሁሉም «ሊ» ላይ ቆሟል። ከውጭ ላየው ስንፍና ይመስላል። ለጠረጴዛ ተጫዋች ግን የዓለም ፍጻሜ ዋዜማ ከሁሉ የተመቸ ቀን ነው፦ ጦርነቱን ራሱ ይጀምረዋል፣ ራሱ ይጨርሰዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከዚያው ዋዜማ ይነሣል።

ኩባንያው ይህን ሰዓት ለማንቀሳቀስ ቀድሞም ሞክሮ ነበር። በ2004 «ስቶርም ኦቭ ኬዮስ» በሚል ስም ዓለም አቀፍ ዘመቻ አካሄደ። ተጫዋቾች የየራሳቸውን ውጊያ ውጤት ይልካሉ፣ ውጤቱ ተደምሮ የዓለሙን ታሪክ ይወስናል። ሐሳቡ የተዋበ ነበር። ችግሩ ወራሪው አርካዮን ዓለምን የሚያናውጥ ጦር መሪ ተደርጎ ሲዘጋጅ ጠረጴዛ ላይ የሚዋጉለት ሰዎች የሚጠበቅባቸውን ያህል አለማሸነፋቸው ነው። መደምደሚያው የተድበሰበሰ ሆነ፤ በኋላ በወጡ እትሞችም ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ወረራው ገና እንዳልመጣ ተደርጎ ተጻፈ። ከዚህ ሙከራ ሁለት ትምህርት መውሰድ ይቻል ነበር። አንዱ ዋዜማው እንደማይነካ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ከተነካ፣ ለተጫዋች ድምፅ ቦታ ሳይሰጡ እስከ መጨረሻው ማፍረስ እንደሚያስፈልግ ነው። ኩባንያው ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለተኛውን መረጠ።

ለምን ፈረሰ

ምክንያቱ የንግድ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። ዋርሃመር ፋንታሲ በረድፍ የተሰለፉ ትላልቅ ሠራዊቶችን ይጠይቅ ነበር። በ2010 የወጣው 8ኛው እትም ደግሞ ግዙፍ ጭፍሮችን የሚሸልም ደንብ ይዞ መጣ። አዲስ ሰው አንድ ሠራዊት ለማሟላት ብዙ ሳጥን መግዛት፣ ብዙ ምስል መቀባት ነበረበት። ነባሩ ደግሞ ሠራዊቱን ከጨረሰ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የሚገዛው ነገር የለውም። ኩባንያው ከምስል ሽያጭ የሚኖር ሆኖ ሳለ፣ አዲስ ሰው የማይገባበትና ነባሩ የማይገዛበት ምርት ይዞ ነበር።

በዚህ ላይ የሕግ ጉዳይ ተጨመረ። ጌምስ ወርክሾፕ በ2010 መጨረሻ ለዋርሃመር ምስሎች የሚገጠሙ ክፍሎችን ይሸጥ የነበረ ቻፕተርሃውስ የሚባል ትንሽ አሜሪካዊ ድርጅት ቺካጎ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2013 ዳኞቹ ከፊሉን ለከሳሽ፣ ከፊሉን ለተከሳሽ ፈረዱ፤ ካሣውም 25,000 ዶላር ብቻ ሆነ። ለግዙፉ ከሳሽ ይህ ድል አልነበረም። ከዚያ በኋላ በኩባንያው ምርቶች ላይ የታዩት ለውጦች ከዚህ ፍርድ ጋር እንደሚያያዙ በተጫዋቾች ዘንድ በሰፊው ይታመናል፤ እኔም ግንኙነቱ ጠንካራ ይመስለኛል። ኦርክ፣ ኤልፍ፣ ድዋርፍ የሚሉት የተረት ፍጡራን ስሞች ማንም ሊጠቀምባቸው የሚችል የጋራ ንብረት ናቸው። በአዲሱ ዓለም ኦርኮቹ ኦሩክ፣ ኤልፎቹ ኤልቭ፣ ድዋርፎቹ ዱዋርዲን ተብለው የመጡት የንግድ ምልክት ሆነው መመዝገብ እንዲችሉ ነው ቢባል የሚያስገርም አይደለም።

አዲሱ ዓለም «ኤጅ ኦቭ ሲግማር» ነበር፤ የተለቀቀው በጁላይ 2015 ነው። ካርታ ያላት ምድር ቀርታ በአስማት በሮች የተያያዙ ስምንት ወሰን የለሽ ግዛቶች መጡ። ደንቡ አራት ገጽ ሆነ፣ በነፃም ተሰጠ። ሠራዊት ከሠራዊት የሚመዛዘንበት የነጥብ ሥርዓት ተሰረዘ። ለነባር ሠራዊቶች በወጡት ደንቦች ውስጥ ተጫዋቹ ከተቃዋሚው የሚበልጥ ጢም ካለው ድዋርፉ የሚጠቀምበት ዓይነት ቀልድ ነበር። ቀልዱ ለአዲስ ሰው ያስቅ ይሆናል። ለ20 ዓመት ሠራዊቱን አንድ በአንድ ለቀባ ሰው ግን በቀብር ላይ የተነገረ ቀልድ ነው። ሠራዊቱን አቃጥሎ ቪዲዮውን ያሠራጨ ተጫዋች ነበር። ሌሎች ተሰብስበው «ዘ ናይንዝ ኤጅ» የተባለ የራሳቸውን ተተኪ ደንብ መጻፍ ጀመሩ።

ለኩባንያው ፍትሐዊ መሆን ካለብን፣ ኤጅ ኦቭ ሲግማር በአንድ ዓመት ውስጥ ተስተካክሏል። በ2016 የነጥብ ሥርዓቱ ተመለሰ፣ ጨዋታው የራሱን ሰዎች አገኘ፣ በ2024 አራተኛ እትሙ ወጣ። የኩባንያው ዓመታዊ ገቢ በ2015 እና በ2016 የበጀት ዓመታት ከ120 ሚሊዮን ፓውንድ በታች ተኝቶ ከቆየ በኋላ በ2017 ወደ 158 ሚሊዮን ፓውንድ አደገ። ይህን ዕድገት ኤጅ ኦቭ ሲግማር ብቻውን አላመጣውም፤ ሆኖም አፈረሱ፣ ከሰሩ የሚለው ታሪክ ከቁጥሩ ጋር አይሄድም። ምርቱን ማፍረሳቸው አንድ ነገር ነው፤ መቼቱን ማፍረሳቸው ሌላ ነገር ነው። ኩባንያው ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየቱ ነው የዚህ ጉዳይ እምብርት።

የቂም መዝገቡን ያነበበው እንግዳ

አሁን ወደ 2012 ዲሴምበር እንመለስ። የክሪኤቲቭ አሴምብሊ ባለቤት ሴጋ ከጌምስ ወርክሾፕ ጋር ተከታታይ የዋርሃመር ጨዋታዎችን ለመሥራት የተስማማው ያኔ ነው። ማለትም ኩባንያው ዓለሙን የሚያጠፉትን መጻሕፍት ሲያሳትም ያንኑ ዓለም ለትልቅ ስቱዲዮ ማከራየቱን ያውቃል። አላወቀም ማለት አይቻልም። የኔ ንባብ ኩባንያው ይህን እንደ ተቃርኖ አላየውም የሚል ነው። ከምስል ሻጭ ዓይን መቼት ማለት ሳጥኑ ጀርባ ላይ የሚጻፈው ነገር ነው፤ ሳጥኑ ከተቋረጠ ጽሑፉን ለሚፈልግ ማከራየት ምን ክፋት አለው?

ክሪኤቲቭ አሴምብሊ እስከዚያ ድረስ በብዛት ይታወቅ የነበረው በታሪክ ጨዋታዎች ነው፤ የጃፓን ጦርነት፣ ሮም፣ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ። የስቱዲዮው ልማድ ምንጭ አንብቦ የጦር ሠራዊትን ማዋቀር ነበር። ዋርሃመርን ሲያገኝም የሠራዊት መጻሕፍቱን ምንጭ አድርጎ የያዛቸው ይመስላል። በሜይ 2016 የወጣው የመጀመሪያው ጨዋታ በቀናት ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በቶታል ዋር ተከታታይ ውስጥ እስከዚያ ድረስ በፍጥነቱ የመጀመሪያው ሆነ። ሁለተኛው በሴፕቴምበር 2017፣ ሦስተኛው በፌብሩዋሪ 2022 ተከተሉ።

ታማኝነቱ የት ላይ እንደሚታይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስምና መልክ መቅዳት ቀላል ነው፤ ማንም ፈቃድ የገዛ ያደርገዋል። እዚህ ግን የሕዝቦቹ ጠባይ የጨዋታው ሕግ ሆነ። የድዋርፎቹን «የቂም መዝገብ» እንውሰድ። በመጻሕፍቱ ውስጥ ድዋርፍ የተበደለውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል፣ ሳይበቀልም አይሰርዝም። በጨዋታው ተጫዋቹ ራሱ መዝገብ ይሰጠዋል፦ አንድ የኦርክ አለቃ ከተማህን ከዘረፈ ይጻፋል፣ የጠላት ሰላይ ከጎዳህ ይጻፋል፣ ሳትበቀል ስትቀር ሕዝብህ ማጉረምረም ይጀምራል። ተጫዋቹ ለስልት የማይጠቅም ጦርነት ውስጥ ይገባል፤ ስለ ቂም። ስለ ድዋርፍ ጠባይ አንድ ገጽ ሳያነብ እንደ ድዋርፍ ሲያስብ ራሱን ያገኘዋል።

ኦርኮቹ ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሠራዊታቸው ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ እርስ በርሱ ይጣላል፤ በተከታታይ ከተዋጋ ግን ሌላ ጭፍራ ሳይጠራ ተከትሎት ይመጣል። የብሬቶኒያ ባላባት ክብሩን በተግባር ያስመሰክራል፤ ጭሰኛውን ከእርሻ ላይ አብዝቶ ካነሣ ኢኮኖሚው ይጎዳል። ስኬቨኖች በሌላው ዓይን ፍርስራሽ በሚመስል ከተማ ውስጥ ተደብቀው ይኖራሉ። ድዋርፎች ጠንቋይም ፈረሰኛም የላቸውም፣ ምክንያቱም በመጻሕፍቱ ውስጥ የላቸውም። ለሚዛን ሲባል ትንሽ አስማት መጨመር ለንድፍ ባለሙያ ምንኛ ይቀል ነበር።

ስቱዲዮው ነፃነት የወሰደባቸው ቦታዎችም አሉ፤ እነሱም ያስተምራሉ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በጨዋታው ካርታ ላይ በዓለሙ የዘመን ቆጠራ በመቶዎች ዓመታት የሚራራቁ ሰዎች አብረው ይኖራሉ። ከኢምፓየሩ ንጉሠ ነገሥት ከካርል ፍራንዝ ዘመን ብዙ ቀድሞ የጠፋው የቫምፓየሮቹ ጌታ ቭላድ ከእሱ ጋር ይዋጋል፤ የጥንቷ ጀግና ረፓንስ በበረሃ ዘመቻ ላይ ትገኛለች። ለታሪክ ጥብቅ የሆነ አንባቢ ይህን ስህተት ሊለው ይችላል። እኔ ግን ከዋዜማው መንፈስ ጋር የተስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የጠረጴዛ ተጫዋቾችም የማይገናኙ ጀግኖችን ሲያዋጉ ኖረዋል።

ሁለተኛው የአዲስ ሰው ፈጠራ ነው። በኖቬምበር 2018 የወጣው የቫምፓየር ወንበዴዎች ጥቅል (ጌሙ ላይ የሚታከል፣ ለብቻው የሚሸጥ ይዘት) አራት መሪዎች ነበሩት። አንዱ ከድሮ መጻሕፍት የመጣ ነው፤ ሁለቱ ኩባንያው በ2011 አውጥቶት ብዙም ካልሄደለት «ድሬድፍሊት» ከተባለ የባሕር ውጊያ ጨዋታ ተወስደዋል። አራተኛዋን፣ ሲሎስትራ የተባለችውን የኦፔራ ዘፋኝ መንፈስ፣ ስቱዲዮው ራሱ ፈጠራት። ባለቤቱ ራሱ የተወውን መርከብ እንግዳው ከስር አውጥቶ ጠገነው ማለት ነው።

ቅድስና ግን አላልኩም። በ2016 የኬዮስ ሠራዊትን ቀድሞ ለገዛ በነፃ፣ ላልገዛ በክፍያ ማድረጋቸው ብዙ አስቆጣ። ደም እንኳ ለብቻው ይሸጣል፤ በውጊያ ላይ ደም ማየት የፈለገ ተጨማሪ ጥቅል ይገዛል። በኦገስት 2023 የወጣ አንድ ጥቅል በዋጋው መናር የተነሣ ከባድ ተቃውሞ ገጥሞት ስቱዲዮው በኋላ ይዘት ሊጨምርበት ተገደደ። መቼትን ማክበርና ደንበኛን ማክበር ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

የቆመ ዓለም ጥቅም

ይህ ሁሉ ታማኝነት የመጣው ስቱዲዮው ዋርሃመርን ስለሚወድ ነው የሚል ማብራሪያ በብዛት ይሰማል። መውደዱ እውነት ነው። ግን የጌምስ ወርክሾፕን ሌላ ዓለም፣ ዋርሃመር 40,000ን፣ ጎን ለጎን ብናስቀምጠው ሌላ ምክንያት ይታያል። ያ ዓለም በሕይወት ያለ ምርት ነው። በ2011 በወጣው «ስፔስ ማሪን» ጌም ጀግናው ታይተስ ያኔ እንደነበሩት ተዋጊዎች ነበር። ኩባንያው በ2017 ፕራይመሪስ የሚባሉ ትልልቅ አዳዲስ ተዋጊ ምስሎችን ማውጣት ጀመረ። በ2024 ሁለተኛው ጌም ሲመጣ ታይተስም ፕራይመሪስ ሆኖ መጣ። ጌሙ ግሩም ነው፤ ክርክሩ ስለ ጥራቱ አይደለም። በሕይወት ያለ መቼት ሲላመድ አላማጁ ከሱቁ መደርደሪያ ጋር እኩል መራመድ አለበት።

ለቶታል ዋር ይህ ግዴታ ቀላል ነበር። ጌምስ ወርክሾፕ በ2016 ለመሸጥ የሚጣደፍለት አዲስ የፋንታሲ ሠራዊት የለውም። የመቃብር ነገሥታትንና የብሬቶኒያን ምስሎች ከሽያጭ አውጥቷቸዋል። ያም ሆኖ ብሬቶኒያ በ2017 በጌሙ ውስጥ በነፃ ተጨመረች፤ የመቃብር ነገሥታት በጃንዋሪ 2018 መጡ። አላማጁ ምንጩን በእርጋታ፣ እንደተዘጋ መዝገብ ማንበብ ቻለ። የስዊድኑ ስቱዲዮ ፋትሻርክ ከዚያ በፊት በኦክቶበር 2015 ያወጣው «ቨርሚንታይድ»ም እንዲሁ ነው፤ ኤጅ ኦቭ ሲግማር ከወጣ ጥቂት ወራት በኋላ፣ የድሮው ዓለም ሲሞት በነበረበት ሰዓት ላይ ቆሞ፣ አምስት ሰዎች በአንዲት የኢምፓየር ከተማ ጎዳና ላይ ከስኬቨን መንጋ ጋር ሲተላለቁ አሳየ። ሁለተኛው ክፍሉ በ2018 ተከተለ። በዚያው ዓመት የዋርሃመር ሚና-ተኮር ጨዋታ (ተጫዋቾች እንደ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱት) አራተኛ እትም በአሳታሚው ኪዩቢክል 7 ሲታተም ዘመኑ ከፍጻሜው በፊት ነበር። የሞተ የተባለው ዓለም ከሞተ በኋላ ይበልጥ ተጨናነቀ።

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው ሌላ የጠረጴዛ ጨዋታ ዘንድም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ባለቤቱ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በ2008 ለአራተኛው እትም ሲል ፎርጎትን ሬልምስ የተባለውን የጨዋታውን ምናባዊ ዓለም በአስማት መቅሰፍት አናግቶ ዘመኑን ወደ 100 ዓመት አሻገረው። አንባቢ አልወደደውም፤ በ2014 የመጣው አምስተኛ እትም የተበላሸውን በብዛት መለሰ። በ2021 ደግሞ ለጨዋታው ይፋዊ የሆነው በአምስተኛው እትም የጨዋታ መጻሕፍት የታተመው ብቻ ነው ተባለ፤ ልብ ወለዶቹና የድሮ ጌሞቹ ከይፋዊው ታሪክ ውጭ ሆኑ። ብልሃቱ ከዋርሃመሩ ይለያል። አንዱ ዓለሙን አፈረሰ፣ ሌላው ከማስታወስ ግዴታ ራሱን ነፃ አወጣ። ላሪያን የተባለው የጌም ስቱዲዮ በ2023 ያወጣው «ባልደርስ ጌት 3» ግን የድሮዎቹን ጌሞች ሰዎችና ጠላቶች መልሶ አመጣ። እንግዳው ባለቤቱ የማይገደድበትን ትዝታ ተሸከመ።

ባለቤቱ ሲመለስ

በኖቬምበር 2019 ጌምስ ወርክሾፕ «ዘ ኦልድ ወርልድ» በሚል ስም የድሮውን ዓለም ወደ ጠረጴዛ እንደሚመልስ አስታወቀ። ሁለት የቶታል ዋር ጨዋታዎች ከወጡ በኋላ ነው፤ በጠረጴዛ ላይ ዋርሃመር ፋንታሲን ተጫውቶ የማያውቅ ትውልድ የካርል ፍራንዝን ስም ከጌሙ ተምሮታል። ኩባንያው የተመለሰበትን ምክንያት ለጌሙ ብቻ መስጠት አልደፍርም፤ የነባሮቹ ናፍቆትም አለ። የቀጠለው ግን ግንኙነቱን ግልጽ አደረገው።

ከሦስተኛው ቶታል ዋር ዋና ሕዝቦች መካከል ኪስሌቭና ካታይ ነበሩ። ኪስሌቭ ድሮ ትንሽ ሠራዊት ነበራት፤ ካታይ ግን የራሱ የሠራዊት መጽሐፍ ኖሮት አያውቅም። ስቱዲዮው ከባዶ ፈጠራ አልጀመረም። ጌምስ ወርክሾፕ ለሁለቱም ሕዝቦች ሠራዊታቸውንና ዓለማቸውን ለዚሁ አዘጋጅቶ ሰጠ። ታላቁ ግንብ፣ የድራጎኑ ንጉሠ ነገሥትና እንደ ሰውም እንደ ድራጎንም የሚገለጡት ልጆቹ፣ የማዕበል ድራጎን ሚያኦ ዪንግና የብረት ድራጎን ዣኦ ሚንግ፣ በ2022 በኮምፒውተር ላይ ሙሉ አካል አገኙ። ለአርባ ዓመት ገደማ ባዶ የነበረው የካርታው ጥግ የተሞላው በዚህ መንገድ ነው። እስከዚያ ድረስ መጀመሪያ ምስሉ፣ ቀጥሎ መጽሐፉ፣ በመጨረሻ ጌሙ ነበር የሚመጣው። አሁን ተገለበጠ።

ዘ ኦልድ ወርልድ በጃንዋሪ 2024 ሲወጣ ግን ኩባንያው ከጌሙ ጋር አልገጠመም። ዘመኑን ከካርል ፍራንዝ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ፣ ኢምፓየሩ በተፎካካሪ ንጉሠ ነገሥት ነን ባዮች ወደተከፋፈለበት ጊዜ ወሰደው። መጀመሪያ የመጡት ሁለት ሠራዊቶች ብሬቶኒያና የመቃብር ነገሥታት ናቸው፤ ከሽያጭ ተወግደው የነበሩት ሁለቱ። ምርጫው ለናፍቆት የተደረገ ይመስላል፣ ግን ከጀርባው ሒሳብ አለ፦ እነዚህ ሁለቱ በኤጅ ኦቭ ሲግማር ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ማንንም አይሻሙም።

ሒሳቡ ይበልጥ የሚታየው በቀሩት ላይ ነው። ዘጠኝ ሠራዊቶች ሙሉ ድጋፍ ሲሰጣቸው፣ ስኬቨን፣ የእንሽላሊት ሰዎች፣ ቫምፓየሮች፣ ጥቁር ኤልፎች፣ የኬዮስ አጋንንት፣ ኦገሮችና የኬዮስ ድዋርፎች በነፃ የሚወርድ የደንብ ሰነድ ብቻ ተሰጣቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ በኤጅ ኦቭ ሲግማር ውስጥ የሚሸጡ ምስሎች አሏቸው። የአውሬ ሰዎቹ ሠራዊት ደግሞ በ2024 ከኤጅ ኦቭ ሲግማር እንደሚወጣና በዘ ኦልድ ወርልድ እንደሚቀጥል ተነገረ። አንድ ሠራዊት በሁለት መደርደሪያ እንዳይቆም የሚተጋ ሰው እጅ ይታያል።

ለጌሙ ተጫዋች ይህ ግራ የሚያጋባ ነው። ስኬቨኖችን በቶታል ዋር ለመቶ ሰዓታት የመራ ሰው ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ ከሚወዳቸው ሕዝቦች ግማሾቹን በመደርደሪያው ላይ አያገኛቸውም፤ የሚያገኛቸው ከሆነም በሌላ ዓለም፣ በሌላ ደንብ፣ በክብ መቆሚያ ላይ ነው። ጌሙ ለብራንዱ ያመጣው ትልቁ ነገር ይህ ሰው ነው፤ ብራንዱ በሩ ላይ አቁሞ ሠራዊት እንዲቀይር ይጠይቀዋል። እኔ ከውሳኔዎቹ ሁሉ ደካማው ይህ ይመስለኛል። ዘመኑን ወደ ኋላ መውሰዱ ግን መጥፎ አልነበረም፤ ፍጻሜውን ሳይሰርዙ፣ ዋዜማውን ሳይነኩ የሚጫወቱበት ክፍት ቦታ ሰጣቸው።

በሌላ በኩል የኤጅ ኦቭ ሲግማርን ዓለም ወደ ትልቅ ጌም የመለወጡ ሙከራ እንደ ቶታል ዋር አልተሳካም። ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ በኖቬምበር 2023 ያወጣው «ሬልምስ ኦቭ ሩይን» ሽያጩ ከተጠበቀው በታች መሆኑን ኩባንያው ራሱ አስታወቀ። የጌሙ ዓይነት ገበያው የጠበበ መሆኑ አንድ ምክንያት ነው። መቼቱም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ወሰን የለሽ ግዛት ለምስል ቀራጭ ነፃነት ነው፤ ዛሬ ያሰበውን ፍጡር ነገ አንድ በር ከፍቶ ያስገባዋል። ለጌም ሠሪ ግን ድንበር፣ ጎረቤት፣ የተወረሰ ጠብ ያስፈልገዋል። ቶታል ዋር ላይ የድዋርፉ ቂም ትርጉም ያገኘው ምሽጉ የት እንደነበረና አሁን ማን እንደተቀመጠበት በካርታ ላይ ስለሚታይ ነው።

በ2024 የበጀት ዓመት የጌምስ ወርክሾፕ የዋና ሥራ ገቢ ወደ 495 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ከፈቃድ ኪራይ ያገኘው 31 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ይህን ልዩነት ላየ ሥራ አስኪያጅ ምስሉ ጌታ፣ መቼቱ አገልጋይ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሠንጠረዡ የማያሳየው ካታይን ነው። በ2025 የካታይ ሠራዊት በዘ ኦልድ ወርልድ ስም በፕላስቲክ ምስል ወጥቶ ለሽያጭ ቀረበ። የድራጎኑ ልጆች በዕድሜ የሚገደቡ ስላልሆኑ በጌሙም ሆነ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ባለው የጠረጴዛው ዘመን መኖር ይችላሉ፤ የዘመኑ ልዩነት እዚህ ላይ ምንም አላስቸገረም። የዚያ ሳጥን ገቢ በሒሳብ መዝገቡ የሚገባው ከምስል ሽያጭ ረድፍ ነው። ገዢው ግን ካታይን መጀመሪያ ያወቀው በቪዲዮ ጌም ነው፤ የስኬቨኖቹ ደንብ ደግሞ ዛሬም በነፃ በሚወርደው ሰነድ ውስጥ አለ።